አሮጌ ፊልም ከሰለቻችሁ፣ መጀመሪያ ያያችሁት የትኛውን ነው?

አሮጌ ፊልም እዩ ሲባል የብዙ ሰው ፊት እንደሚቀየር አውቃለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ይጎተታል፣ ምንም አይፈጠርበትም። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የምለው። መጀመሪያ የሞከርኩት ቶኪዮ ስቶሪን ነው። ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው ሲሉ ሰምቼ ከፈትኩት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። በማግስቱ ካቆምኩበት ልቀጥል አልኩ፣ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጥቁርና ነጭ የሆነ ነገር ዞር ብዬም አላየሁ። አሁን ቶኪዮ ስቶሪን ከምወዳቸው ፊልሞች ውስጥ ነው የምቆጥረው። ፊልሙ ያው ነው፤ እኔ ነኝ ያለጊዜው የከፈትኩት።

ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁን ፊልሞች ያስቀመጥኳቸው በታላቅነት ደረጃ አይደለም። መጀመሪያ የትኛውን፣ ቀጥሎ የትኛውን ብታዩ እንደሚቀላችሁ አስቤ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻቸውን አልናገርም።

መጀመሪያ 12 አንግሪ ሜን። 1957፣ አሜሪካ፣ 96 ደቂቃ። አባቱን በሰንጢ ወግቶ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ የ18 ዓመት ልጅ አለ። 12 ተራ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በሙሉ ድምፅ መወሰን አለባቸው፤ ጥፋተኛ ነው ካሉ ልጁ ይገደላል። ገና እንደተቀመጡ ድምፅ ሲሰጡ 11ዱ ጥፋተኛ ነው ብለው እጃቸውን ያወጣሉ። አንዱ ብቻ፣ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ሰው፣ አያወጣም። ልጁ ንጹሕ ነው ብሎ አይደለም። የሰው ነፍስ ነውና ቢያንስ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት ነው የሚለው። በቃ፣ ፊልሙ ይሄ ነው።

ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ካሜራው ከዚያ ክፍል አይወጣም። ታዲያ እንዴት ነው ሰው ዓይኑን ሳይነቅል የሚያየው? አንዱ ምክንያት ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት በካሜራው የሠራው ነገር ነው (ደግሞ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን ላይ ነበር የሚሠራው)። መጀመሪያ አካባቢ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ወደ ታች ያያቸዋል። መሃል ላይ ከዓይናቸው እኩል ይሆናል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያያቸውና ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱንም ቀስ በቀስ እየቀየረ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ እየተጠጋ የመጣ አስመስሎታል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ይህን አላወቅኩም። የማውቀው አየር እንዳጠረኝ ብቻ ነበር።

መነጽር ያደረገውንና ኮቱን የማያወልቀውን ሰውዬ ልብ በሉልኝ። ቀኑ በሙቀት የሚያፍን ነው፣ ሁሉም ላብ በላብ ሆነዋል፣ እሱ ግን ደረቅ ነው። አንተ አያልብህም እንዴ ብለው ይጠይቁታል፣ አያልበኝም ይላል። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እርግጠኛ ነኝ ብሎ የያዘው ነገር ሲነቃነቅበት ግንባሩን እዩት። ስለ ላቡ ማንም ምንም አይልም፣ ካሜራውም አያጋንነውም። እኔ ይህን ያየሁት ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው።

ሌላም አለ። ከመሃላቸው አንዱ ልጁ የመጣበትን ሰፈር ሰዎች በጅምላ መስደብ ይጀምራል። የሚመልስለት የለም። አንድ በአንድ ከጠረጴዛው እየተነሱ ጀርባቸውን ይሰጡታል፣ እሱም የሚሰማው ሰው እየፈለገ ያወራል ያወራል፣ ድምፁ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ስለ ጥላቻ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ ከዚህ ትዕይንት በላይ የገባኝ ግን የለም። የሚገርመው ሲወጣ ገበያ አላገኘም። ለኦስካር በሦስት ዘርፍ ታጭቶም አንዱንም ሳያገኝ ቀርቷል።

ይህን ከወደዳችሁት ቀጥሎ ሪር ዊንዶው። 1954፣ አልፍሬድ ሂችኮክ። ይሄኛው ባለቀለም ነው። እግሩ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ የዋለ ፎቶ አንሺ በመስኮቱ የጎረቤቶቹን መስኮት ሲያይ ይውላል፣ ከጎረቤቶቹም አንዱ ሚስቱን ሳይገድል አይቀርም ብሎ ይጠረጥራል። ግቢው በሙሉ፣ አፓርታማዎቹ ከነመስኮታቸው፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። አጀማመሩን ብቻ እዩት። ካሜራው ክፍሉን ዝም ብሎ ይዞራል፤ በጀሶ የታሰረ እግር፣ ቀጥሎ የተሰባበረ ካሜራ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የመኪና ውድድር አደጋ ፎቶ። አንድ ቃል ሳይነገር ሰውዬው ማን እንደሆነና እግሩ እንዴት እንደተሰበረ ገብቷችኋል። መጨረሻው አካባቢ ያለው የካሜራ ብልሃት ዛሬ ሲታይ ትንሽ ያስታውቃል፣ እኔን ግን አልረበሸኝም፤ ልቤ ስትመታ ስለነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ነገር ልበላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አሮጌ ፊልም የሚጠላው አበላሽቶ ስላየው ነው። የድሮ ፊልም አብዛኛው ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ቅርጽ አለው፤ ሰፊ ስክሪን ላይ ሲታይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ትክክሉ ይሄ ነው። ስክሪኑ እንዲሞላ ብላችሁ አትለጥጡት፣ ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ዙም ካደረጋችሁት ደግሞ የሰው ጭንቅላት ይቆረጣል። በኋላ ቀለም የተቀባውን ቅጂ ተዉት። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተሞላበትንም ተዉትና ዋናውን ድምፅ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር እዩ። የታደሰ ቅጂ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ስንቱን ፊልም ነው ጭጋጋም ቅጂ አይቼ አስቀያሚ ነው ያልኩት። ስልካችሁን ደግሞ ከአጠገባችሁ አርቁት። ይህን የምለው ለመቆጣት አይደለም። እነዚህ ፊልሞች ትልቁን ነገር ያለ ንግግር ነው የሚነግሯችሁ፣ ለአምስት ሰከንድ ካቀረቀራችሁ ያመልጣችኋል፣ ከዚያ ምንም አልተፈጠረም ትላላችሁ።

በተለይ ሲቲ ላይትስ ላይ። 1931፣ ቻርሊ ቻፕሊን፣ ድምፅ አልባ። በዚያ ጊዜ ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ሁሉም ወደዚያ ሲሮጥ ቻፕሊን እምቢ ብሎ በዝምታው ቀጠለ፣ ሙዚቃውንም አብዛኛውን ራሱ ደረሰ። ቤት የለሹ ሰውዬ ዓይነ ስውር የሆነች አበባ ሻጭ ይወዳል፣ እሷ ደግሞ ሀብታም ይመስላታል። እንዴት ነው ሀብታም የሚመስላት? ይህ ጥያቄ ቻፕሊንን በጣም አስቸግሮታል፤ ያቺን አጭር ትዕይንት ደጋግሞ ደጋግሞ ቀርጿታል። በመጨረሻ ያገኘው መላ ይሄ ነው። ሰውዬው በመኪና በተጨናነቀ መንገድ ሲሻገር በቆመ መኪና ውስጥ አቋርጦ በሌላኛው በር ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ልጅቷም የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ባለመኪና ነው የመጣው ብላ ታስባለች። አያችሁት? ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ ታሪኩ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ድምፅ ላይ ነው። እኛ አንሰማውም፣ እሷ ግን ስትሰማው እናያለን። የሰካራሙ ሀብታም ነገር መሃል ላይ ትንሽ ይደጋገማል፣ ታገሡት። የቦክሱ ግጥሚያ በሳቅ ያፈርሳችኋል፣ ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት ይመጣል። ስለሱ ምንም አልልም። ሁለት ፊት ብቻ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ባይሲክል ቲቭስ፣ የብስክሌት ሌቦች ማለት ነው። 1948፣ ጣሊያን፣ ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ጥቂት ዓመት ነው፣ ሮም ሥራ አጥ ሞልቷል። አንቶንዮ የሚባል አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፣ ግን ብስክሌት የሌለው ሰው አይቀጠርም። ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ አልጋው ላይ ያለውን አንሶላ ትገፍፋለች፣ ብስክሌቱን ለማስለቀቅ አንሶላቸውን ልታስይዝ። ከዚያ የምታዩት ነገር እኔን ቁጭ ካልኩበት አላነቃነቀኝም። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የአንሶላውን ጥቅል ተሸክሞ መደርደሪያውን ይወጣል፣ ይወጣል፣ ካሜራውም ወደ ላይ ይከተለዋል፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በሌላ ሰው አንሶላ ተሞልቷል። የእያንዳንዱ ጥቅል ባለቤት ዛሬ ማታ ያለ አንሶላ የሚተኛ ቤተሰብ ነው። አንድም ሰው ስለ ድህነት ንግግር አላደረገም።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። የቀረው ፊልም አባትና ልጅ በከተማው ውስጥ ብስክሌት ሲፈልጉ ነው። ልጁ ብሩኖ ትንሽ ልጅ ነው፣ ግን ነዳጅ ማደያ ይሠራል። ጠዋት ብስክሌቱን ሲወለውል መያዣ ቤት እያለ የተጎዳች ቦታ ያገኝና ይናደዳል፣ አባቱ ለምን ዝም እንዳለ አይገባውም። ከቤት ሲወጣ ደግሞ ሕፃኑ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ ተመልሶ መስኮቱን ይዘጋል። ይህን ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ዘመድ ታውቁታላችሁ።

ሁለቱም ተዋናይ አልነበሩም። አባቱን የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ልጁን ዴ ሲካ ያገኘው ቀረጻውን ለማየት ከቆመው ሰው መሃል ነው። ሆሊውድ ገንዘብ ልስጥህ፣ ግን ዋናውን ሰው ኬሪ ግራንት ይሥራው ብሎት ነበር፤ ዴ ሲካ አልተቀበለም። እንኳን አልተቀበለ! የማጆራኒን አረማመድ እዩት፣ ተስፋ ሲኖረውና ሲጠፋበት እንዴት እንደሚራመድ። ልጁ ከጎኑ ሁለት እርምጃ እየሮጠ፣ አንድ እርምጃ እየሄደ፣ ፊቱን ቀና አድርጎ የአባቱን ፊት እያየ ይከተለዋል። ከዚህ ፊልም በኋላ መንገድ ላይ አባትና ልጅ ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር ልጁ ወዴት እንደሚያይ ነው የማየው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰው ሲከፋው አትዩት፣ ሲደላችሁ እዩት።

አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ ይህን ፊልም በ1950 ለንደን ውስጥ ያይና እኔም ፊልም እሠራለሁ ብሎ ይወስናል። ህንዳዊው ሳትያጂት ራይ ነው፤ ፓተር ፓንቻሊ ደግሞ በ1955 የወጣ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። በቤንጋል ገጠር የሚኖሩ ደሃ ቤተሰብ፣ ዱርጋ የምትባል እህት፣ አፑ የሚባል ትንሽ ወንድም። ገንዘብ እያለቀበት ቀረጻው ብዙ ጊዜ ተቋርጧል፤ መጨረሻ ላይ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶት ነው ያለቀው። ልጆቹ ባቡር ለማየት ነጭ አበባ ባለው ረጅም ሣር ውስጥ የሚሄዱበት ትዕይንት አለ። ግማሹ ተቀርጾ ለሌላው ግማሽ ሲመለሱ ከብቶች አበባውን በልተውት አገኙት። እስከሚቀጥለው ዓመት ጠበቁ፣ አበባው እስኪያብብ። ትዕይንቱን ስታዩ ለምን መጠበቅ እንደነበረባቸው ይገባችኋል። ፊልሙ ቀስ ያለ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሁለት ማታ ነው የጨረስኩት። አሮጊቷን አክስት ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጊዜ የለኝም የምትሉ ብላክ ገርልን ያዙ። 1966፣ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ሴምቤን ደራሲ ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝቡ ጋር መድረስ ፈልጎ ነው ወደ ፊልም የገባው። ዲዋና የምትባል ወጣት ዳካር ውስጥ ለፈረንሳውያን ልጆች ትጠብቃለች፣ ከዚያ ተከትላቸው ፈረንሳይ ትሄዳለች። ልጅ መጠበቅ መስሏት ነው የሄደችው፣ እዚያ ስትደርስ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ ወለል ወልዋይ ሆነች፤ ከቤት መውጣት የለም። አፏ እሺ እመቤቴ ነው የሚለው፣ በውስጧ የምታስበውን ግን እኛ እንሰማለን፣ ልዩነቱ ጆሮ ይበሳል።

አንድ ቀን ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣል። እሷ ማንበብ አትችልም፣ አሠሪዋ ያነብላታል፣ ከዚያ ሳይጠይቃት መልሱን በእሷ ስም ራሱ መጻፍ ይጀምራል፣ ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል እያለ። እሷ ቆማ ታያለች። ከዚያ ደብዳቤውን ቀዳደደችው። የራሷን ሕይወት ሌላ ሰው በራሷ ስም ሲጽፍባት ማየት፣ ይሄ ስንት ሰው ላይ ደርሷል? ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውንም ጭምብል ተከታተሏት። በስጦታ የመጣች ናት፣ እጅ ለእጅ ትዞራለች፣ በመጨረሻ ማን ፊት ላይ እንደምትሆን ታያላችሁ። ፈረንሳዮቹ ተዋናዮች አንዳንዴ ደረቅ ይሆኑብኛል፣ ዲዋናን የሠራችው ምቢሲን ቴሬዝ ጆፕ ግን ዝም ብላ ስትቆም እንኳ ስክሪኑን ትሞላዋለች።

ቀጥሎ ኢኪሩ፣ መኖር ማለት ነው። 1952፣ ጃፓን፣ አኪራ ኩሮሳዋ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ከኋላው የተሠራውን የእንግሊዞቹን ሊቪንግ ካያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ግን ይሄኛውን እዩ። ፊልሙ የሚጀምረው በራጅ ነው፤ የአንድ ሰው ጨጓራ፣ ካንሰር ያለበት። ሰውየው ዋታናቤ ይባላል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፣ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ዕድሜው ያለቀ። እናቶች ሰፈራችን ያለውን የቆሸሸ ውሃ አድርቁልንና የልጆች መጫወቻ ሥሩልን ብለው ይመጣሉ። ይሄ የእኛ አይደለም፣ እነ እገሌ ጋ ሂዱ ይባላሉ። እነ እገሌም ወደ ሌላ ይልኳቸዋል። በየመስኮቱ ሲንከራተቱ ውለው መጨረሻ ላይ የተመለሱት መጀመሪያ የጀመሩበት ቢሮ ነው። ቢሮ ለቢሮ የተንገላታ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማውን መግለጽ አያስፈልግም።

ሐኪም ቤት ያለው ትዕይንት ደግሞ አለ። ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ወሬ ይጀምራል። ካንሰር ከሆነ ሐኪሞቹ አይነግሩህም፣ ቀላል የጨጓራ ቁስለት ነው፣ ያሻህን ብላ ይሉሃል፣ እንዲህ ካሉህ አለቀልህ ይለዋል። ዋታናቤ ቀስ እያለ ወንበሩን ይሸሻል። ከዚያ ይጠራል፣ ይገባል፣ ሐኪሙም ቃል በቃል ያንኑ ይለዋል። ዋታናቤን የሚጫወተው የታካሺ ሺሙራ ፊት! ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሰቨን ሳሙራይ ላይ መሪው ሳሙራይ ነው፣ ኮስታራ፣ ቆፍጣና። እዚህ አንገቱን ሰብሮ፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎ ስታዩት አንድ ሰው ናቸው ብላችሁ አታምኑም።

ከዚያ ዋታናቤ በቀረው ጊዜ ምን ልሥራ ይላል። መጠጥ ይሞክራል፣ ጭፈራ ይሞክራል። ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀች፣ አሁን የአሻንጉሊት ጥንቸል የምትሠራ ሳቂታ ልጅ አለች፣ እንዴት እንዲህ ትኖሪያለሽ ብሎ ይጠይቃታል። እሷ የምትመልስለት ትንሽ ነገር ናት፣ እሱ ግን ይነቃል። ጥንቸሏን ይዞ ከምግብ ቤቱ ደረጃ ሲወርድ ከላይ ያሉ ወጣቶች መልካም ልደት ብለው ይዘምራሉ። የሚዘምሩት ለሱ አይደለም፤ ደረጃውን እየወጣች ላለች ሌላ ልጅ ነው። እሱ ይወርዳል፣ እሷ ትወጣለች፣ መዝሙሩ ለሁለቱም ይሆናል።

143 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ፊልሙ ያልጠበቃችሁትን እጥፋት ይታጠፋል፣ ብዙ ሰው ተቀምጦ ያወራል፣ እዚያ ጋ ብዙዎች ይደክማቸዋል። እኔንም መጀመሪያ ደክሞኝ ነበር። አታቁሙት። ሰዎቹ የሚያወሩትን ሳይሆን ብዙ የማያወራውን አንዱን ወጣት ሠራተኛ ተከታተሉ።

እነዚህን ካያችሁ በኋላ፣ ከዚያ በፊት አይደለም፣ ቶኪዮ ስቶሪን ክፈቱ። 1953፣ ያሱጂሮ ኦዙ። ሽማግሌ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ ሥራ በዝቶባቸዋል። የሚያስተናግዳቸው ሲያጡ ገንዘብ አዋጥተው ወደ መዝናኛ ፍል ውሃ ይልኳቸዋል፣ እዚያ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጫጫታ ነው፣ እንቅልፍ የለም። በደንብ የምታስተናግዳቸው የሞተው ልጃቸው ሚስት ብቻ ናት። ካሜራው ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ነው፣ አይሮጥም፣ አይጠጋም፤ እንደ እንግዳ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ያኔ እንቅልፍ የወሰደኝ ምን እንደምጠብቅ ስላላወቅኩ ነው። አሁን ግን መጀመሪያ ላይ ሽማግሌዎቹ ለጉዞ ዕቃቸውን ሲያዘጋጁ በመስኮቱ አጠገብ የምታልፈውን፣ ቆም ብላ ሰላም የምትላቸውን ጎረቤት በደንብ አያታለሁ። እናንተም እዩዋት፣ ምን እንዳለቻቸው ያዙ። መጨረሻ ላይ በዚያው መስኮት ተመልሳ ትመጣለች።